የማይዳሰስ ቅርስ ምንድን ነው? የጃፓን የእንጨት ጀልባዎች ምስክርነት

ሰሞኑን ስለ ጃፓን የእንጨት ጀልባዎች የሚያትት አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የጀልባ ሠሪዎቹ ጥበብ ከመጥፋት መዳኑን ካበሰረ በኋላ ሦስት ማስረጃ ይደረድራል፤ ጀልባዎቹ በሙዚየም ተቀምጠዋል፣ አሠራራቸው በፊልም ተቀርጿል፣ ልካቸውም በኮምፒውተር ተመዝግቧል። ከእንግዲህ ይህ የማይዳሰስ ቅርስ ስጋት የለበትም ይለናል። ተመሳሳይ አነጋገር ስለ ሽመናም፣ ስለ ሸክላ ሥራም፣ ስለ ቤት አሠራርም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እንጨት ሠሪ ነኝና በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ጀልባው፣ ፊልሙና ልኩ ሁሉም ቢኖሩ፣ ነገ ጠዋት አዲስ ጀልባ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ባለሙያ ከሌለ ቅርሱ የለም።

የማይዳሰስ ቅርስ የሚባለው በሰዎች ዘንድ የሚኖርና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዕውቀት፣ ክህሎትና ልማድ ነው። መስቀልና ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት በዚሁ ዘርፍ ስለሆነ አንባቢ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ ስምምነት መሣሪያዎችንና ዕቃዎችንም ከዕውቀቱ ጋር አያይዞ ይጠቅሳል፤ ቀርጾ ማስቀመጥንም ከጥበቃ ሥራዎች ይቆጥረዋል። ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ጥበቃ የሚለው ቅርሱ በሕይወት እንዲቀጥል ማድረግን ነው። ጃፓን ደግሞ ከዩኔስኮ እጅግ ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ ለማይዳሰሰው ሀብት ቦታ ሰጥታለች።

ወደ ጀልባው ልግባ። የጃፓን ባህላዊ ጀልባ የሚሠራው ሰፋፊ ጣውላዎችን ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሞ በጠፍጣፋ የብረት ምስማር በማያያዝ ነው። በአብዛኛው በመጋጠሚያው ውስጥ የሚጠቀጠቅ ቃጫም ሆነ ቅጥራን የለም። ታዲያ ውኃ እንዴት አይገባውም? ሠሪው ሁለቱን ጣውላዎች አጠጋግቶ ያስርና በመካከላቸው መጋዝ ይሰድዳል። መጋዙ ሲያልፍ የሁለቱንም ጠርዝ በአንድነት ስለሚበላ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጉድለት ጋር እየተስማማ ይሄዳል። ጥርሳቸው እየደቀቀ በሚሄድ መጋዞች ሥራውን ይደጋግመዋል። ይህ ሱሪአዋሴ ይባላል። ከዚያ ጣውላዎቹን ይለያይና ጠርዛቸውን በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ኪጎሮሺ የሚሉት ይህን ነው። የተቀጠቀጠው ጠርዝ ይታመቃል። ጣውላዎቹ ተጋጥመው ጀልባው ውኃ ላይ ሲወርድ፣ የታመቀው እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና መጋጠሚያውን ይደፍነዋል።

ስንት ጊዜ ነው የሚመታው? በምን ያህል ኃይል? ሱጊ የተባለው የጃፓን ዛፍ እንጨቱ ለስላሳ ነው። እጅ ከሳሳ ጠርዙ በቂ አይታመቅም፤ እጅ ከበረታ ክሩ ይሰበርና መልሶ አያብጥም። አንዱ ጣውላ ከሌላው ይለያል፤ በአንዱ ጣውላ ላይ እንኳ ጠንካራውና ለስላሳው የዕድገት ቀለበት እኩል አይመታም። ፊልሙ መዶሻው ሲወርድ ያሳያል። ሠሪው ለምን እዚያ ላይ እንዳቆመ ግን አያሳይም።

በብራና የተጻፈ ድጓ አስቡ። ከፊደሉ በላይ ምልክቱ ሰፍሯል። ምልክቱ ዜማውን ለተማረ ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ላልተማረ አያስተምረውም። ብራናውን በመስታወት ሣጥን ብታኖሩት፣ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ብታነሡት፣ ከመሪጌታው ፊት ቁጭ ብሎ ያልተቀበለ ሰው ሊያዜመው አይችልም። የጃፓኑ ጀልባ ሠሪም ንድፉን የሚያሰፍረው በጣውላ ላይ ነው፤ ከጎን የሚታየው ቅርጽና ጥቂት ልኮች ብቻ ይሰፍሩበታል፣ የቀረው በቃሉ የያዘው ነው። እንዲያውም ሥራው እንዳይሰረቅበት ቁልፍ የሆነውን ልክ ሆን ብሎ የማይጽፍ ነበር። ተማሪው እንደ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር እየኖረ፣ እየጠረገና መሣሪያ እየሳለ፣ ስድስት ዓመት ያህል ይቆይ ነበር። ማብራሪያ አይጠብቅም ነበር፤ በዓይኑ እያየ ይቀስም ነበር። ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ ይለያያሉ። ዜማ እንጨትም ገዢም አይፈልግም። መሪጌታው ብዙ ደቀ መዛሙርት በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ ሊያስተምር ይችላል። ጀልባ ሠሪ ግን ጀልባ የሚያዝዘው ካጣ ተማሪውን የሚያለማምድበት ሥራ ራሱ የለውም።

ያ ጸሐፊ የዘነጋው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኢሴ የተባለውን የጃፓን የእንጨት መቅደስ እያነሣ፣ ጃፓኖች በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚሠሩት የእንጨት ጥበባቸው አይሞትም ይላል። መቅደሱ መጨረሻ የታነጸው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ እውነት ነው፣ አናጢዎቹ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ሥራ አላቸው። ጀልባ ሠሪው እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም። ደንበኛው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ፊቱን በመስታወት ክርና በፕላስቲክ ወደሚሠራው የፋይበርግላስ ጀልባ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጃፓን በዩኔስኮ ያስመዘገበችው የእንጨት ጥበብም የሕንፃ ጥበብ ነው፤ ጀልባን በዚያ ውስጥ መቁጠር ስሕተት ነው።

ለጀልባ የተሰጠ ዕውቅና የሚፈልግ ወደ ሳዶ ደሴት ይሂድ። በኦጊ አካባቢ ገንዳ የሚመስል ክብ ጀልባ አለ። የሱጊ ጣውላዎች ቆመው ይገጣጠሙና በተጎነጎነ ቀርከሃ ዙሪያቸውን ይታሰራሉ። ሰዎች በዚህ ጀልባ በድንጋያማው ባሕር ዳርቻ ቀንድ አውጣና የባሕር አረም ይለቅማሉ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቃሚ የማይዳሰስ ሕዝባዊ ሀብት ብሎ የሰየመው አሠራሩን ነው። ልብ በሉ፣ ጀልባውን አላለም። እዚያ ጀልባው አሁንም ይፈለጋል፤ ባሕሩ ዳርቻ ጠባብና ድንጋያማ ነው፣ ቱሪስቱም ሊሳፈርበት ይመጣል። በጊፉ፣ በናጋራ ወንዝ ላይ፣ በሠለጠኑ ወፎች ዓሣ የሚያጠምዱት ባለሙያዎችም ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎቻቸውን ዛሬም ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ የሚያዝዝ አለ።

የመዝገብ ሥራን ማናናቄ አይደለም። አሜሪካዊው ጀልባ ሠሪ ዳግላስ ብሩክስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዕድሜ ከገፉ የጃፓን ሠሪዎች ዘንድ እየሄደ ተምሯል፤ ለአብዛኞቹም ብቸኛ ተማሪያቸው እሱ ነበር። ልኩንና ቅደም ተከተሉን ጽፎ አኑሯል። ጽሑፉ ዋጋ ያገኘው ግን አብሯቸው ጀልባ እየሠራ በእጁ ስላወቀው ነው፤ ምን መጻፍ እንዳለበትም ያወቀው በዚያው ነው።

በኮምፒውተር ስለ ተመዘገበው ልክም ከሙያዬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከውኃ ወጥቶ በደረቅ ክፍል ዓመታት የቆመ ጀልባ ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ በኩል ይሸበሸባል፣ ርዝመቱ ግን የተለወጠ አይመስልም። የታመቁት ጠርዞች ይላቀቃሉ፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ጎኑ ይጣመማል። ይህን ጀልባ በሚሊሜትር ለክቶ ቅጂ የሚሠራ ሰው ሠሪው ያልሠራውን ጠባብና ጠማማ ጀልባ ነው የሚያወጣው። መሣሪያው በተራቀቀ ቁጥር ስሕተቱን አጥርቶ ይመዘግባል። ስለዚህ ጀልባ ለክቼ ቅርስ አድኛለሁ የሚለኝን ሰው ሲለካ የእንጨቱ እርጥበት ስንት እንደ ነበር እጠይቀዋለሁ፤ ቀጥሎም ጀልባውን የሠራው ባለሙያ ማንን እያስተማረ እንደ ሆነ፣ ለተማሪውም የቀን ምግቡን ማን እንደሚችልለት።