ፍቅርና ዘይቤ በጥንታዊው የላቲን ግጥም

የሮማ የፍቅር ኤሌጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ያበበ የላቲን ግጥም ዓይነት ነው። መንገዱን የጠረገው ካቱሉስ ሲሆን፣ ጋሉስ፣ ቲቡሉስ፣ ፕሮፐርቲየስና ኦቪድ ተከትለውታል። ገጣሚው አንዲትን ሴት በብዕር ስም ሸሽጎ ይዘምርላታል፤ የካቱሉስ ሌዝቢያ፣ የፕሮፐርቲየስ ሲንቲያ፣ የኦቪድ ኮሪና በዚህ ይታወቃሉ።

የሮማ ጨዋ ወንድ የሚከበረው በጦር ሜዳ ውሎውና በጌትነቱ ነበር። ገጣሚዎቹ የደፈሩት ይህንኑ ክብር መገልበጥ ነው። በወጣትነቱ የንግግር ጥበብ የተማረው ኦቪድ አፍቃሪ ሁሉ ወታደር ነው ብሎ ይነሣና ችሎት ፊት እንደቆመ ጠበቃ ያስረዳል፦ ሁለቱም ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ውርጩንና ዝናቡን ይችላሉ፤ አንዱ ከተማ ሲከብ ሌላው የወዳጁን ደጃፍ ይከባል።

ከዚህም የከረረው የባርነት ዘይቤ ነው። ነጻው ዜጋ ሴቲቱን እመቤቴ ይላታል፤ ራሱን ባሪያዋ አድርጎ በተዘጋ በሯ ላይ ደጅ ይጠናል። በአንድ የኦቪድ ግጥም ውስጥ ይህ አፍቃሪ እንዲከፍትለት የሚለምነው በሰንሰለት የታሰረ በረኛን ነው። የዘይቤው ባሪያ በእውነተኛው ባሪያ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ መከራ ያወራል፤ ይህን ግጥም ያለ ቅሬታ ማንበብ ይከብዳል።

ሥጋዊውን ምኞት በሚመለከት፣ ምርጦቹ ግጥሞች የት ላይ ዝም እንደሚሉ ያውቃሉ። ኦቪድ በቀትር፣ መስኮቱ ገርበብ ባለበት ክፍል የገባችውን ኮሪናን ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ጭኗ ያደንቅና፣ የቀረውን የማያውቅ ማን አለ ብሎ ይተወዋል። ካቱሉስ ደግሞ መሳሞችን በሺና በመቶ እየደረበ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን ምቀኛ እንዳያውቀውም ሆን ብሎ ያምታታዋል።

ዘመኑ ግን ለዚህ የተመቸ አልነበረም። የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ዓመት ዝሙትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ኦቪድ እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ቶሚስ ተጋዘ፤ ለመጋዙ ምክንያት ያላቸው ሁለት ናቸው፦ ግጥምና ስሕተት።

በእነዚህ ግጥሞች ሴቶቹ በአብዛኛው ይገለጻሉ እንጂ አይናገሩም። ለዚህም ነው ከቲቡሉስ መድበል ጋር ተያይዘው የቆዩት የሮማዊቷ ገጣሚ የሱልፒሺያ 6 አጫጭር ግጥሞች ልዩ ክብር የሚገባቸው። እዚያ የምትናገረው ሴቲቱ ራሷ ናት፤ ፍቅሯን ከመሸፋፈን መግለጡን እንደምትመርጥም በግልጽ ትናገራለች።