እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስለ ውሃ ፓምፕ ሲወራ አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ጭቅጭቅ ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት "እሱ እኮ እሳት ሊጭር ነው የመጣው" አለች። አጠገቧ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠብ ሊያስነሣ መጣ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ፓምፑ የተባለውን አልሰማሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ አባባሉ ላይ ቀረ።

ይሄ የጠብ አባባል አይደለም። ገና ከመምጣቱ ልሂድ ልሂድ ለሚል እንግዳ የሚባል የፍቅር ወቀሳ ነው። "ምነው፣ እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው? አረፍ በል እንጂ!"

ያደግሁት ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። አያቴ ፍም እያለ ክብሪት መጫር ብክነት ይመስላት ነበር። ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ ታዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል፣ አንዳንዴ ከስሞ ያድራል። ከስሞ ካደረ የምላከው እኔ ነኝ። "ገሏን ያዥና እነ እትዬ ጋ ሩጪ!"

ገሏ ከቀጨኔ የተገዛ እንስራ ስባሪ ነበረች። እንስራው የተሰበረ ዕለት አያቴ ስብርባሪውን አንድ በአንድ አገላብጣ፣ ከሆዱ በኩል የወጣችውን ጎበጥ ያለች ቁራጭ መረጠች። የምጣድ ገል ዝርግ ስለሆነ ፍሙ ይንሸራተታል ትል ነበር። መጀመሪያ እጅ እንዳያቃጥል ከሥር አመድ ይነሰነሳል። እትዬ ምድጃቸውን በእንጨት ጫር ጫር አድርገው ሁለት ሦስት ፍም ያወጡልኛል። ከላይ ቁራሽ ኩበት ይደርቡበታል። የባህር ዛፍ ቅጠል ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ኩበት ግን እሳቱን ቀስ ብሎ ይዞ ያቆያል። ከዚያ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ መሮጥ ነው። አንዳንዴ ቆሎ ይዘግኑልኛል። ትልቅ ሰው የሰጠውን በሁለት እጅ መቀበል ወግ ነው። እኔ ግን በአንድ እጄ ገሏን ስለያዝኩ በአንዱ ብቻ ስቀበል ማንም አይቆጣኝም። ቁጭ በይ የሚለኝም የለም፤ ከተቀመጥኩ ፍሙ አመድ ይሆናላ።

አሁን የራሴን ግምት ልናገር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ቶሎ ተመናመነ። የማገዶ እጥረቱ ስለባሰ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ የመጣው ባህር ዛፍ ነው ከተማዋን ያቆያት። እንግዲህ ማገዶ በጠፋበት አገር ፍም ማሳደር የሚችል ቤት ስንት ይሆናል? አንዱ ያሳደረውን አሥሩ መጥቶ ይጭራል። አባባሉ ራሱ ከዚያ የቆየ ነው፤ እዚህ እኛ አካባቢ ግን እንዲህ አፍ የለመደው በዚያ ዘመን ይመስለኛል። ሌላም አለኝ። እሳት መጫር የልጅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ትልቅ ሰው "እሳት ልትጭር ነው?" ሲባል "ዛሬስ ልጅ ሆንክብኝ" መባሉ ነው። ለዚህ ነው የማያስቀይመው።

ጥፋቱ የመጣው "መጫር" ከሚለው ቃል ነው። ዶሮም ትጭራለች፤ "ዶሮ ጭራ አወጣች ካራ" ይባላል። ጠብ ጫሪውም በዶሮዋ መንገድ የሄደ፣ የተቀበረ ካራ የሚያወጣ ሰው ነው። ፍም ሊወስድ የመጣን ልጅ ከእሱ ጋር ምን አገናኘው? ነገር ለሚያባብስ ሰው "ነገር ቆስቋሽ" የሚል ቃል አለን። ምድጃ የሚቆሰቁሰው እዚያው እሳቱን ሊያነድ ነው፤ የሚጭረው ግን ቤቱ ወስዶ ወጥ ሊሠራበት።

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሳወራላት "አክስቴ፣ ገል ምንድን ነው?" አለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ናት። የሸክላ ስባሪ ነው ስላት "እ፣ ሻርድ!" አለች። የዳቦውን ክራምብ፣ የእንጨቱን ስፕሊንተር ብላ በእንግሊዝኛ ለይታ ትጠራለች። በአማርኛ ሲሆን ሁሉም "ስባሪ" ነው፤ የዳቦ ስባሪ ሳይቀር! ፍርፋሪ፣ ስንጥር፣ ገል የሚሉ ቃላት እያሉን። እሷን ብቻ አልወቅስም፤ እኛም ቤት ውስጥ አንላቸውም።

ባለፈው እሑድ መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች "ልሂድ፣ የቤት ሥራ አለብኝ" አለች። "እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽው?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ገሌን ረስቼዋለሁ" ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠች።