«ስካውት ማለት ዘበኛ ነው» እና ለልጆች የምንነግራቸው ሌሎች ስህተቶች

ልጅ ስለ ፓርክ ጠባቂ ሲጠይቅ የብዙዎቻችን መልስ «እንስሳቱን የሚጠብቅ ሰውዬ» ነው። ውሸት አይደለም። ግን ልጁ ከዚህ የሚይዘው ኮፍያና ጠመንጃ ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ይዘን የተለመዱትን ስህተቶች እንያቸው። እዚያ ጠባቂው «ስካውት» ነው የሚባለው።

«ስካውት ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው»

ጠመንጃው አለ፤ ከልጅ መደበቅም አያስፈልግም። ሥራው ግን ከዚያ በላይ ነው። የዋልያን ቆጠራ እንውሰድ። ዋልያ ገደል ወዳድ ነው፤ ቀለሙም ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። ቆጣሪው በጠዋት አፋፉ ላይ ሆኖ፣ የርቀት መነጽሩን ይዞ ገደሉን ቀስ እያለ ይቃኛል። ወደ ኋላ የታጠፈ ትልቅ ቀንድ ካየ ወንድ ነው። ቀንዱ አጠርና ቀጠን ካለ ሴት ናት። ግልገል አላት ወይ? ይጽፋል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ስለሆነ ያቺ ወረቀት ቀልድ አይደለችም።

እሳትም አለ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። እነሱ እስኪደርሱ ዳገቱን ወጥተው ከጓሳው ሣርና ከአስታው ቁጥቋጦ ቃጠሎ ጋር የታገሉት ግን ስካውቶቹና የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ለልጅ ከተኩስ ይልቅ ይህን ብነግረው እመርጣለሁ።

«ስካውትና አስጎብኚ አንድ ናቸው»

አይደሉም። ከደባርቅ የሚነሳ ቱሪስት ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። አንዱ ያስረዳል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ በቅሎ የሚነዳው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው።

«እንስሳቱን ይመግባል»

ይሄ ከአንበሳ ግቢ የመጣ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ የሚውል እንስሳ ነው፤ የማንንም ዳቦ አይፈልግም። እንዲያውም የስካውቱ ሥራ ዳቦ የሚወረውረውን ሰው «ተው» ማለት ነው።

«ሥራው ከእንስሳ ጋር ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ወደ ባሌ ልውሰዳችሁ። ቀይ ቀበሮ በአጠቃላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። ከዋና ጠላቶቹ አንዱ ከመንደር ውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ቀበሮን የሚጠብቁት ሰዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ ያስከትባሉ። ውሻ እየከተቡ ቀበሮ ማዳን! ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ለነገሩ ከባለቤቱ ጋር ሳይግባቡ ውሻውን መከተብ አይቻልም። መንዝ ጓሳ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ ደግሞ አካባቢውን የሚጠብቀው ራሱ ኅብረተሰቡ ነው፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነውም እሱ ነው።

«ልጁን ፓርክ ካልወሰድኩት አይገባውም»

ቢወስዱት ጥሩ ነው፤ ባይቻልም በረንዳ ይበቃል። ለሳምንት ያህል በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወፍ ይቁጠር፤ ጋጋኖ፣ ቁራ፣ ርግብ። ቁጥሩ ሲለዋወጥ ምክንያቱን ይገምት። ሦስት አራት ልጆች ካሉ ሥራ ያከፋፍሏቸው። አንዱ ቆጣሪ ስካውት፣ አንዷ እሳት ተቆጣጣሪ ትሁን፤ አንዱ ደግሞ ፍየሎቹ ፓርክ የገቡበት ገበሬ ይሁን። ስካውት የሆነው ልጅ ፍየሎቹን በንግግር ብቻ ነው ማስወጣት የሚችለው። እመኑኝ፣ ገበሬው በቀላሉ አይሸነፍም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ጁኒየር ሬንጀር» የሚባለውን የብሔራዊ ፓርኮች ፕሮግራም ጠይቁ። የዲሲ ሰዎች ናሽናል ሞል ላይ ታገኙታላችሁ። ልጁ የሥራ ደብተር ይሞላል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፣ ባጅ ይቀበላል። እዚያ ያሉት ሬንጀሮችም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሕግ የሚያስከብረውና ታሪክ የሚያስረዳው ለየቅል ናቸው። ደብተሩን ግን እናንተ እንዳትሞሉለት።