የታማሚው ብርጭቆና የክፍሉ አየር፦ ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአንድ ቤት ውስጥ ሰው ቲቢ እንደያዘው ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለየው ብርጭቆው ነው። ማንኪያውና ሳህኑ ይከተላሉ፤ ፎጣው ለብቻው ይሰቀላል፤ ልብሱም ከሌላው ጋር አይታጠብም። ይህ ሁሉ እየተደረገ ግን ታማሚው ለሳምንታት ሲያስልበት የቆየው ክፍል መስኮቱ እንደተዘጋ ነው፤ በዚያ ክፍል አብረውት ያደሩ ሕፃናትም እንዲመረመሩ የሚያስብ አይገኝም። ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኛው ጉዳታቸው በዚህ መልክ የሚመጣ ነው፤ የማያስፈራውን ነገር እያስፈሩ፣ ሊጠነቀቁለት የሚገባውን ያስረሳሉ።

«ቲቢ በዕቃ፣ በልብስና በመጨባበጥ ይተላለፋል»

የቲቢ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በአየር ነው። የሳንባ ወይም የጉሮሮ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲዘምር ከአፉ ከሚወጡት ጠብታዎች ተለቅ ተለቅ ያሉት ወዲያው መሬት ይወርዳሉ፤ ደቃቆቹ ግን ውኃቸው ተንኖ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሆኑና ለሰዓታት በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ከ5 ማይክሮሜትር የማይበልጡት እነዚህ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ሲተነፈሱ እስከ ሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ፤ በሽታው የሚጀምረውም እዚያ ነው። ማንኪያ ላይ የቀረ ምራቅ ወይም ልብስ ላይ የደረቀ አክታ በዚህ መጠን ደቅቆ ወደ አየር ስለማይነሣ ሳንባ ውስጥ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ይህ እንዲሁ የተገመተ ነገር አይደለም። ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ እየሳቡ ከበላዩ ወደተሠራ ክፍል አስገቡት። በላይኛው ክፍል የነበሩት የሙከራ እንስሳት ከሕሙማኑ ጋር አልተነካኩም፤ የተጋሩት ዕቃም ምግብም አልነበረም። የተጋሩት አየር ብቻ ሆኖ ሳለ እንስሳቱ በቲቢ ተያዙ። አየሩ ቀድሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲያልፍ የተደረገላቸው ሌሎቹ እንስሳት ግን አንዳቸውም አልተያዙም። በዚሁ ሙከራ እንስሳቱን ካስያዙት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የመጡት ከጥቂት ሕሙማን እንደነበረ፣ ውጤታማ መድኃኒት የጀመሩት ሕሙማን ደግሞ እጅግ ባነሰ መጠን ያስተላልፉ እንደነበረ መታየቱ በኋላ ለምናነሣው ጉዳይ መሠረት ሆኗል።

ስለዚህ ጥንቃቄው መዞር ያለበት ወደ አየሩ ነው። ሁለት ትይዩ መስኮቶችን ወይም በርና መስኮትን ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ በክፍሉ ውስጥ የተከማቹትን ቅንጣቶች ጠርጎ ያወጣቸዋል፤ የፀሐይ ብርሃንም ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ታማሚው መድኃኒት እስኪሠራለት ድረስ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ቢሸፍን የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት በዙሪያው ላሉት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ በተመሳሳይ ዘዴ የተደረገ ጥናት፣ ሕሙማኑ ተራውን የቀዶ ሕክምና ጭምብል ሲያደርጉ ወደ እንስሳቱ የሚተላለፈው በሽታ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በምግብ በኩል ሊነሣ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ያልፈላ ወተት ነው፤ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ በጥሬ ወተት አማካይነት ወደ ሰው ሊገባ ስለሚችል ወተትን ማፍላት ግድ ነው።

እጅን መታጠብ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ኮሌራን የሚገታው ንጹሕ ውኃና የእጅ ንጽሕና ነው፤ ወባን የሚገታው ከትንኝ መከላከል ነው፤ ኩፍኝ ደግሞ እንደ ቲቢ በአየር ቢጓዝም ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ተላላፊ በሽታዎች የየራሳቸው መተላለፊያ አላቸው፤ ለአንዱ የሚሠራውን ጥንቃቄ ለሌላው ስንገለብጠው ደክመን መከላከል ሳንችል እንቀራለን።

«በዘር ይወርዳል»

ይህ እምነት ዕድሜው ረጅም ነው፤ መነሻውም ለመረዳት አያስቸግርም። አባት ታሞ፣ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ ልጆች ሲታመሙ ያየ ሰው ነገሩ በደም የሚወርድ ቢመስለው አይደንቅም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የበሽታውን መንስኤ ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ ግን ክርክሩ ተዘግቷል። አንድ ቤተሰብ ተከታትሎ የሚታመመው አንድ አየር ስለሚተነፍስ ነው። በዘር የሚመጣ ነው የሚለው ወሬ ዛሬም የሰዎችን ትዳር ያፈርሳል፣ ጤነኛ ልጆችን ያስጠረጥራል።

«ብርድ ሲጠና ቲቢ ይሆናል» የሚለውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ባክቴሪያው በሌለበት ብርድም ሆነ አቧራ ወይም የሥራ ድካም ቲቢን አይፈጥርም። በአማርኛ ደግሞ ስሙ ራሱ የሚያመጣው ሌላ ግራ መጋባት አለ፤ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም ስለሚውል የሳንባ ነቀርሳ የተባለ ሰው ካንሰር እንደያዘውና ተስፋ እንደሌለው የሚያስብበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ቲቢ በመድኃኒት የሚድን ሲሆን፣ የታዘዘውን ሕክምና ከሚያገኙ ሕሙማን ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ይድናሉ።

«ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ ታሟል፤ ያስተላልፋልም»

ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በሕይወቱ አንድ ወቅት የቲቢ ባክቴሪያ እንደገባበት ይገመታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። በሌሎቹ ላይ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ከብቦ ይይዘዋል፤ ሰውየው አይታመምም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ይህ ድብቅ ቲቢ ይባላል።

መከላከያው ሲዳከም ግን የተያዘው ባክቴሪያ ሊያመልጥ ይችላል። ኤች አይ ቪ፣ ስኳር በሽታ፣ ትንባሆ፣ አልኮል ማብዛትና የምግብ እጥረት በሩን የሚከፍቱለት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በተለይ ስለ ምግብ እጥረት ጥቂት ማለት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሕክምና ውጭ እንደሆነ ነገር ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ በሕንድ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ ከቲቢ ሕሙማን ጋር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የምግብ ድጋፍ ሲሰጥ ከእነርሱ መካከል በቲቢ የሚታመሙት ቁጥር በ39 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ከብዙ መድኃኒቶች ጋር የሚስተካከል ውጤት ነው።

ከሚታመሙት ውስጥ ብዙዎቹ የሚታመሙት ባክቴሪያው በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ከታማሚ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ፈጥነው መመርመር ያለባቸውም ስለዚህ ነው። ያልታመሙት የመከላከያ መድኃኒት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ይህ መድኃኒት ቀድሞ በየቀኑ ለ6 ወር ይሰጥ የነበረ ሲሆን አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ብቻ የሚወሰድ አማራጭም አለ።

«ካላሳለ ቲቢ የለበትም፤ አክታው ነጻ ከሆነም አበቃ»

ቲቢ ከሳንባ ውጭም ይይዛል። በአንገት ላይ እንደ ንፍፊት ሊያብጥ፣ የአከርካሪ አጥንትን ሊበላ፣ የአንጎልን ሽፋን ሊያጠቃ ይችላል። ከሳንባና ከጉሮሮ ውጭ የሆነ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም ለማለት ይቻላል፤ ለታማሚው ግን አደገኛ ነው። የሳንባው ቲቢም ቢሆን ሁልጊዜ ራሱን አይገልጥም፤ በተለያዩ አገሮች ቤት ለቤት የተደረጉ ዳሰሳዎች፣ በምርመራ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳልም ሆነ ሌላ ምልክት እንዳልተናገሩ አሳይተዋል። የደረት ራጅ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

አክታን በማይክሮስኮፕ የማየቱ ዘዴ ባክቴሪያውን የሚያገኘው በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ሲኖር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ሲሆን ውጤቱ ነጻ ይልና ታማሚው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው የሞለኪውል ምርመራ ባክቴሪያውን በጣም ባነሰ ቁጥር ሳለ ከማግኘቱም በላይ፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን በ2 ሰዓት ገደማ ይነግራል። ሕፃናት አክታ ማውጣት ስለማይችሉ በእነርሱ ላይ ምርመራው ይበልጥ ይከብዳል፤ ክብደት ያልጨመረና ትኩሳቱ አልለቅ ያለ ልጅ ከታማሚ ጋር የኖረ መሆኑ ሲነገር ለሐኪሙ ከማንኛውም ውጤት ያላነሰ መረጃ ነው።

«ከተሻለኝ መድኃኒቱን ባቆም ምን አለበት?»

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ሰው የሚሳሳተው በመልካም ስሜት ውስጥ ሆኖ ነው። ሳሉ ቆሟል፣ ምግብ መብላት ጀምሯል፣ ሥራው ይጠብቀዋል። በሁለተኛው ወር ላይ እንዲህ የሆነን ሰው ገና 4 ወር ይቀርሃል ማለት ቅጣት ሊመስለው ይችላል።

ምክንያቱ ያለው በባክቴሪያው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። አንዳንድ ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ሲባዙ የቲቢው ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል፤ ከፊሉም ጭራሽ ሳይራባ አድፍጦ ይቆያል። መድኃኒቶቹ በአብዛኛው የሚመቱት እየተራባ ያለውን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ብዙኃኑን ያጠፋሉ፤ ታማሚውም ይሻለዋል። የቀሩት ወራት ያደፈጡትን ለማጽዳት ናቸው። የተለመደው ሕክምና 4 መድኃኒቶችን ለ2 ወር፣ ከዚያም 2 መድኃኒቶችን ለ4 ወር የሚያስወስድ ሲሆን፣ ሕመማቸው ላልጠና ሕፃናትና ለአንዳንድ ሕሙማን በ4 ወር የሚያልቅ ሕክምናም አለ።

መድኃኒቱ ለምን ብዙ እንደሆነ ደግሞ ታሪኩ ይናገራል። የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ በታተመው ጥናት እንደታየው፣ ሕሙማኑ በመጀመሪያ ጥሩ መሻሻል ካሳዩ በኋላ ብዙዎቹ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይዟቸው ተመልሰው ታመሙ። አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ ሌላው ይገድለዋል፤ ጥምረቱ የተዘጋጀው በዚህ ስሌት ነው። ታማሚው እያቋረጠ ሲወስድ ወይም የመረጠውን ብቻ ሲወስድ ይህ ስሌት ይፈርሳል። ቢያንስ ሁለቱን ዋና ዋና መድኃኒቶች፣ ኢሶናያዚድንና ሪፋምፒሲንን፣ የተላመደው ቲቢ ከሰው ወደ ሰው እንደማንኛውም ቲቢ ስለሚተላለፍ፣ በሕይወቱ አንድም ቀን መድኃኒት ያላቋረጠ ሰው ከመነሻው በተላመደው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የተላመደ ቲቢ የያዘውን ሁሉ በግዴለሽነት መውቀስ ስህተትም በደልም ነው። ይህም ቢሆን ይታከማል፤ ቀድሞ 18 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ለብዙዎች በ6 ወር፣ ያለ መርፌ የሚያልቅ ሆኗል።

ሰዎች መድኃኒቱን ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ድንጋጤ ነው። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይለውጣል፤ ይህ ደም አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ማስታወክ ወይም የዕይታ መቀነስ ሲታይ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል።

«በሕፃንነቴ ስለተከተብኩ አይዘኝም»

ቢሲጂ እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠ ክትባት ሲሆን ሕፃናትን ከአንጎል ሽፋን ቲቢና በመላ ሰውነት ከሚሠራጭ ቲቢ በሚገባ ይጠብቃል። ለአዋቂዎች የሳንባ ቲቢ ያለው ጥበቃ ግን ደካማና ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው። ታክሞ መዳንም ዳግም ላለመያዝ ዋስትና አይሆንም።

«ቲቢ የያዘው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት» የሚለውም በብዙ ሰው ላይ ሁለት እጥፍ ኀፍረት የሚጭን ስህተት ነው። ኤች አይ ቪ በቲቢ የመታመምን ዕድል በብዙ እጥፍ የሚጨምር በመሆኑ የቲቢ ታማሚ ሁሉ እንዲመረመር ይመከራል፤ በዓለም ላይ በቲቢ ከሚታመሙት ውስጥ አብዛኞቹ ግን ኤች አይ ቪ የለባቸውም።

«ታማሚው ለወራት ከሰው መለየት አለበት»

ከመድኃኒት በፊት በነበረው ዘመን ሕሙማን ከቤተሰባቸው ተነጥለው በልዩ ማቆያዎች ለዓመታት ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በሕንድ ማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ይፋ የሆነ ጥናት ይህን አሠራር ከመሠረቱ ለወጠው። ከሕሙማኑ ግማሾቹ በማቆያ፣ ግማሾቹ ደግሞ በድሃና በተጨናነቀ ቤታቸው ሆነው አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ። ቤታቸው ሆነው የታከሙት ሕሙማን ቤተሰቦች፣ ታማሚያቸው ወደ ማቆያ ከተወሰደባቸው ቤተሰቦች የበለጠ አልታመሙም። ለበሽታው የተጋለጡት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ወራት ነበርና፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ማስተላለፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ለጥንቃቄ 2 ሳምንት ያህል የሚሉትም መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚገድል መሆኑ ተረጋግጦ ነው።

ከእነዚህ ግኝቶች ብዙ ዓመታት ቢያልፉም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞተዋል። መገለልን የሚፈራ ሰው ሳሉን ይደብቃል፤ የደበቀው ሳል ደግሞ መድኃኒት ሳያገኝ ለወራት ያስተላልፋል።

ውጤቱ በታወቀበት ቀን በቤቱ ሊሠራ የሚገባው ጥቂት ነው። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይጀመር፤ መስኮቶቹ ይከፈቱ፤ ታማሚው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አየር በሚገባበት ክፍል ለብቻው ይተኛ፣ ከሰው ጋር ሲሆን ጭምብል ያድርግ። ብርጭቆው እንደ ወትሮው ከሌሎቹ ጋር ይታጠብ። አብረውት የኖሩት ሰዎች ስም ተጽፎ ለጤና ባለሙያው ይሰጥ፤ ከ5 ዓመት በታች የሆኑት ልጆች ደግሞ ሳይታመሙ የመከላከያ መድኃኒቱን እንዲያገኙ ከሁሉም ቀድመው ይወሰዱ።