ሃርድዌር ቨርቹዋላይዜሽን ምንድን ነው? ቨርቹዋል ማሽን አልነሳም ሲል ቀድሞ የሚታየው ነገር

ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ የሚፈጥረውን ቨርቹዋልቦክስን ጫናችሁ። ሊኑክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫኛ ፋይል አወረዳችሁ። ራም መደባችሁ፣ ዲስክ ሰጣችሁ፣ "ስታርት" የሚለውን ነካችሁ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት "ቪቲ-ኤክስ ባዮስ ውስጥ ተዘግቷል" የሚል የስህተት መልእክት መጣ። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ሴቲንግ ያለበት ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል። እኔም በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ልፋቱን አውቀዋለሁ። ችግሩ ያለው ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ አይደለም።

ቪቲ-ኤክስ ኢንቴል ለሃርድዌር ቨርቹዋላይዜሽን የሰጠው ስም ነው። ኤኤምዲ "ኤኤምዲ-ቪ" ይለዋል፤ ባዮስ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ "ኤስቪኤም ሞድ" ተብሎ ነው የሚገኘው። ሥራቸው አንድ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ላይ እያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጎን ለጎን እንዲሠራ የሚያስችል፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ችሎታ ነው።

ለምን አስፈለገ? ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻውን ማዘዝ የለመደ ነው። ሜሞሪ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ዲስኩን የሚያዘው፣ ፕሮግራም የሚያስነሳውና የሚያስቆመውም እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ሥልጣን በደረጃ ከፍሎታል። ከፍተኛው ደረጃ "ሪንግ ዜሮ" ይባላል። ዊንዶውስ እዚያ ተቀምጧል። አሁን እንግዳው፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ሊኑክስ፣ ይመጣና ያንኑ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱም "አዛዡ እኔ ነኝ" ካሉ ማሽኑ ይበላሻል።

ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ1999 ወርክስቴሽን የተባለውን ምርቱን ሲያወጣ የፒሲ ፕሮሰሰሮች ለዚህ ምንም እገዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ እንግዳው የሚሰጠውን ትእዛዝ እየቀደመ ያነብ ነበር። አደገኛውን ይለያል፣ ጉዳት በሌለው ይተካዋል፣ ከዚያ ያሠራዋል። እንግዳው ምንም ሳያውቅ ሪንግ ዜሮ ላይ ያለ ይመስለዋል። ይህን ያሰቡት መሐንዲሶች አሁንም ያስደንቁኛል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ሥራውን ወደ ፕሮሰሰሩ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ እንግዳው በተከለለ ስፍራ የራሱ ሪንግ ዜሮ አለው። ከወሰኑ ሊያልፍ ሲሞክር ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመውና ጉዳዩን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሶፍትዌር ያስረክባል።

ቨርቹዋልቦክስ ለብዙ ዓመት የድሮውን ዘዴም ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በወጣው ሥሪት 6.1 ግን ጨርሶ ተወው። ድሮ ይሠራ የነበረ ማሽን ሶፍትዌሩ ሲታደስ "አልነሳም" ያለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መጀመሪያ የሚታየው ችሎታው መከፈቱ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ዘግተውት ይወጣሉ። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ "ፐርፎርማንስ" ውስጥ ገብታችሁ "ሲፒዩ" የሚለውን ተጫኑ። "ቨርቹዋላይዜሽን" ከሚለው አጠገብ "ኢኔብልድ" ካለ ክፍት ነው። "ዲሴብልድ" ካለ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ መግባት ነው፤ ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። "ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ" ወይም "ኤስቪኤም ሞድ" የሚለውን ፈልጉና ክፈቱት። አንዳንዱ "አድቫንስድ" ሥር፣ አንዳንዱ "ሴኪዩሪቲ" ሥር ይደብቀዋል። አጠገቡ "ቪቲ-ዲ" የሚባል ታገኙ ይሆናል። እሱ ሌላ ነው፤ አንድን ሃርድዌር በቀጥታ ለእንግዳው ለመስጠት ነው የሚያገለግለው። እሱን ብቻ ከፍታችሁ ብትወጡ ምንም አይለወጥም።

አንድ ነገር አደራ። ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁጥሩን ("ሪከቨሪ ኪ" የሚባለውን) በእጃችሁ ያዙ። ባዮስ ሲለወጥ ዊንዶውስ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቻችሁ ውስጥ መግባት አትችሉም። ከዚያ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ፤ ሪስታርት ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት።

ሰውን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ሁለተኛው ሁኔታ ነው። ታስክ ማናጀር "ክፍት ነው" ይላል፣ ቨርቹዋልቦክስ ደግሞ "ቪቲ-ኤክስ የለም" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችሎታው አለ፣ ግን ሌላ ይዞታል። ዊንዶውስ ውስጥ ያዡ ሃይፐር-ቪ የተባለው የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ነው። ሃይፐር-ቪ ሲበራ ከዊንዶውስ በታች ይቀመጣል፤ ዊንዶውሱ ራሱ በእሱ ላይ ነው የሚሠራው። እናንተ ሃይፐር-ቪ አልጫንኩም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራው ደብሊውኤስኤል 2፣ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ ወይም "ሜሞሪ ኢንተግሪቲ" የሚባለው የደህንነት ሴቲንግ ሲበራ እሱም አብሮ ይነሳል። አዳዲሶቹ የቨርቹዋልቦክስ ሥሪቶች በሃይፐር-ቪ ላይ መሥራት ይችላሉ፣ ግን ይዘገያሉ። ከታች በኩል አረንጓዴ ኤሊ ካያችሁ እንዲያ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሜሞሪ ኢንተግሪቲን መዝጋት ፍጥነቱን ሊመልስ ይችላል፤ ሆኖም ጥበቃም ይቀንሳል። እኔ የሥራ ፋይል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ከመዝጋት ዝግታውን እመርጣለሁ።

ኮምፒውተራችሁ ራሱ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ ያዡ ኬቪኤም የተባለው የሊኑክስ የራሱ የቨርቹዋላይዜሽን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 6.12 ጀምሮ ኬቪኤም ገና ሲጫን ችሎታውን ይይዘዋል። ትናንት የሠራ ቨርቹዋልቦክስ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ እምቢ ካለ እሱን ጠርጥሩ። የኬቪኤምን ሞጁል ከከርነሉ ማስወጣት ይፈታዋል።

መስኮቱ ተከፍቶ ጥቁር ሆኖ "የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም" ካለ ግን ባዮሱን ተዉት። ቨርቹዋላይዜሽኑ እየሠራ ነው። የጎደለው የአይኤስኦ ፋይሉ፣ ማለትም መጀመሪያ ያወረዳችሁት የመጫኛ ፋይል ነው፤ ወይ አልተያያዘም፣ ወይ ሲወርድ ተቋርጧል፣ ወይ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወጡት የኤም ተከታታይ ማኮች ላይ የመጨረሻው ብዙ ይገጥማል፤ እነሱ የኤአርኤም ፕሮሰሰር ስላላቸው አይኤስኦውም የኤአርኤም መሆን አለበት።