በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ሊኑክስ፦ የቡት ሎደር አያያዝ

ቡት ሎደር ኮምፒውተሩ ሲበራ የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ከዲስክ አንስቶ ሜሞሪ ላይ የሚጭን ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ፌዶራ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች (ዲስትሮዎች) አንድ ማሽን ላይ ሲጫኑ ሁሉም የየራሳቸውን ቡት ሎደር ይዘው ይመጣሉ። ቦታውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መጨረሻ የተጫነው ነው።

በድሮው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም (ፈርምዌር)፣ ሽሚያው የከፋ ነበር። ኤምቢአር የሚባለው የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ ለማስነሻ ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ። ስለዚህ አዲስ የመጣው ነባሩን ደምስሶ ይቀመጣል።

ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ይህን በእጅጉ አቃለለው። ለማስነሻ ፋይሎች በተለየው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ እያንዳንዱ ዲስትሮ የራሱ ፎልደር አለው። ቅደም ተከተሉን ከፈርምዌሩ ሴቲንግ ወይም ኢኤፍአይ-ቡት-ማናጀር በሚባለው መሣሪያ መቀየር ይቻላል። ሁለት የኡቡንቱ ቨርዥኖች ከተጫኑ ግን ፎልደራቸው አንድ ስም ስላለው መደራረባቸው አይቀርም።

አብዛኞቹ ዲስትሮዎች የሚጠቀሙት ግራብ የሚባለውን ቡት ሎደር ነው። ግራብ ጎረቤቶቹን፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያሉትን ሌሎች ሲስተሞች፣ የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር በሚባል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ወዲህ ይህ ፍለጋ ለደኅንነት ሲባል ከመነሻው ተዘግቶ ይመጣል። «ሌላው ሊኑክሴ ጠፋ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው። ዳታው አልተነካም። በግራብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ፍለጋውን ከፍቶ ሜኑውን (ሲበራ የሚታየውን የሲስተሞች ዝርዝር) እንደ አዲስ ማዘጋጀት ይበቃል፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አፕዴት-ግራብ የሚለው ትዕዛዝ ይሠራዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የከርነል አፕዴትን ነው። ሜኑውን የያዘው ኡቡንቱ ከሆነ፣ ዴቢያን አዲስ ከርነል መጫኑን ኡቡንቱ አያውቅም። ሜኑው አሮጌውን ማስነሳቱን ይቀጥላል። አሮጌው የተሰረዘ ቀን ደግሞ ዴቢያን ከዚያ ሜኑ አልነሳም ይላል። ቡት የሚባለውን ፎልደር ለሁሉም የጋራ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ የከርነል ፋይሎቹ ይደበላለቃሉ። የሚሻለው ቼይንሎዲንግ ነው። ዋናው ሜኑ ከርነሉን ራሱ አይጭንም፤ ሥራውን ለሌላው ዲስትሮ ቡት ሎደር ያስረክባል። ያኛው የራሱን ከርነል ምንጊዜም ያውቃል። ዩኢኤፍአይ ላይ ሪፋይንድ የሚባለው የማስነሻ ሜኑ ፕሮግራምም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ያሉትን ሲስተሞች ራሱ ስለሚፈልግ ሜኑ ማደስ አያስፈልግም።

አንዱን ዲስትሮ ከማጥፋት በፊት ሜኑው የማን እንደሆነ መጣራት አለበት። የግራብ ፋይሎች ያሉበት ፓርቲሽን ከተሰረዘ ሜኑው ቀርቶ የግራብ ትዕዛዝ መስመር ብቻ ይመጣል። ያኔ በላይቭ ዩኤስቢ (ሳይጫን ሊኑክስን በሚያስነሳ ፍላሽ) ተነስቶ፣ ከቀሩት ዲስትሮዎች ወደ አንዱ ችሩት በሚባለው ትዕዛዝ ገብቶ ግራብን መልሶ መጫን ግድ ይሆናል።