«ከተፋታሽ ካርድሽን ይነጥቁሻል»፦ ስለ ፍቺና ግሪን ካርድ የሚወሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ትዳር ሲፈርስ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዷ «ካርድሽን ያስነጥቅሻል» ትላለች። ሌላው «ሁለት ዓመቷን ዝም ብለሽ ጨርሺ» ይላል። የአጎት ልጅ ደግሞ ለእሱ የሠራውን መንገድ ለሁሉም የሚሠራ ያደርገዋል። ክፋት የላቸውም። ግን የሚሉት አብዛኛው ወይ ግማሽ እውነት ነው፣ ወይ ጭራሽ ስህተት።

እኔ እንደሚታየኝ ስህተቱ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው «ተፋታሁ፣ ምን ይውጠኝ?» ይላል እንጂ «ፍቺው ሲጸድቅ ወረቀቴ የት ደርሶ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። ኢሚግሬሽን የሚያየው ደግሞ ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

«ከተፋታሁ ግሪን ካርዴ ይሰረዛል»

መጀመሪያ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት። የ10 ዓመት ነው ወይስ የ2 ዓመት? የ10 ዓመት ከሆነ ፍቺው በራሱ ምንም አያደርገውም። ጊዜው ሲያልቅ በአይ-90 ፎርም ታሳድሱታላችሁ። እዚያ ላይ የትዳር አጋር ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ባሏ ዲቪ ደርሶት ተከትላው የመጣች ሴትም እዚሁ ውስጥ ናት። ገብታ ነዋሪ ከሆነች በኋላ ብትፋታ ካርዱ የራሷ ነው።

የ2 ዓመቱ ካርድ የሚሰጠው በትዳር ነዋሪ በሆናችሁበት ቀን ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ነው። ይሄኛው ሥራ አለው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«ባሌ ደብዳቤ ጽፎ ያሰርዝብኛል»

ካርዱ ከመሰጠቱ በፊት ከሆነ፣ አዎ። አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ያስገባው ሰው ማመልከቻውን ማንሳት ይችላል። እሱ ባያነሳውም ፍቺው ከጸደቀ በትዳር የተከፈተው ፋይል ያበቃለታል። አዲስ አበባ ኤምባሲ ቪዛው ተመትቶላት፣ ሳትሳፈር ፍቺው ቢጸድቅ እንኳ በዚያ ቪዛ መግባት አትችልም። አሳይለም (ጥገኝነት) ባገኘ ባል ስር የተካተተች ሚስትም ተመሳሳይ ችግር አለባት። የራሷን ግሪን ካርድ ሳታገኝ ከተፋታች በእሱ በኩል ካርድ መጠየቅ አትችልም። በራሷ ስም አሳይለም ለማመልከት ጠበቃ ማማከር አለባት።

ካርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ባል የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። «ትዳሩ ለወረቀት ነበር» ብሎ ቢጽፍ መሥሪያ ቤቱ ሊመረምረው ይችላል። መልሱ ማስረጃ ነው። ደግሞም እንዲህ ብለው የሚያስፈራሩ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። ለወረቀት ተብሎ የሚፈጸም ጋብቻ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያመጣል። ሕጉ የሚቀጣው እያወቀ የገባበትን ሁሉ ነው። አውቄ ገባሁበት ብሎ የሚጽፍ ሰው ራሱንም ጭምር እየከሰሰ ነው።

«የ2 ዓመት ካርድ ያለው ሰው ያለ ትዳር አጋሩ ፊርማ ምንም ማድረግ አይችልም»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የተለመደው አካሄድ ይሄ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አይ-751 የሚባለውን ፎርም አብረው ፈርመው ያስገባሉ። ትዳር ከፈረሰ ግን ዌቨር የሚባል ነገር አለ። ያው አይ-751 ነው፤ ብቻችሁን ትፈርሙታላችሁ። «ትዳሩን የገባሁበት በቅን ልቦና ነው፣ ግን ፈርሷል» ትላላችሁ። በዚህ መንገድ የ90 ቀኑን መስኮት መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ፍቺው ከጸደቀ ካርዱ ገና አንድ ዓመት ቢቀረውም ማስገባት ይቻላል። ምንም ሳታስገቡ ካርዱ እንዲያልፍ ማድረግ ግን አይመከርም። ነዋሪነቱ ያከትምና ጉዳዩ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ችግሩ ፍቺው ራሱ ጊዜ መውሰዱ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ጥፋት ሳይጠቀስ ለመፋታት አንድ ዓመት ተለያይተው መኖር አለባቸው። ልጅ ከሌላቸውና የመለያያ ስምምነት ከፈረሙ ስድስት ወር ይበቃል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ታስጠብቃለች። ካርዱ የሚያልቅበት ቀን ከዚህ ቀድሞ ከች ይላል። ያኔ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። የፍቺ ክስ መከፈቱን አያይዛችሁ ማመልከቻውን ካስገባችሁ፣ መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ እንድታመጡ ቀን ቆርጦ ይጠይቃል። አብራችሁ ፈርማችሁ ካስገባችሁ በኋላ ከተፋታችሁም ፋይሉ ወደ ዌቨር እንዲቀየር ትጠይቃላችሁ። መደበቅ ግን አይሠራም። ኢንተርቪው ላይ «አብረን ነን» ብሎ መዋሸት፣ እውነተኛውን ትዳር ሳይቀር የውሸት ያስመስለዋል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የሚመጣው ደረሰኝ ተራ ወረቀት አይደለም። ከ2023 ጀምሮ ያለፈበትን ካርድ በ48 ወር ያራዝማል። ካርዱንና ደብዳቤውን አንድ ላይ ይዛችሁ ትሠራላችሁ፣ ትጓዛላችሁ።

አሁን ወደ ማስረጃው። ኢሚግሬሽን ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይፈርድም። የሚጠይቀው ስትጋቡ አብሮ ለመኖር አስባችሁ ነበር ወይ የሚለውን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኑሮው ወረቀት የለውም። የቤት ኪራዩ በአንዱ ስም ነው። ዕቁቡ በካሽ ነው። ባንኩ ለየብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሲፈለግ ይገኛል። አብራችሁ ያስገባችሁት ታክስ አለ። የመኪና ወይም የጤና ኢንሹራንስ ላይ የሁለታችሁ ስም ሊኖር ይችላል። አንዱ አዲስ አበባ እያለ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ ወደ ቦሌ የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት፣ የቴሌግራምና የዋትሳፕ መልእክት፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ይቆጠራል። የሠርግ ፎቶ ጥሩ ነው። ግን የሠርጉ ቀን ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ የመልሱን፣ የክርስትናውን፣ የተራውን ቀን ፎቶ ጨምሩበት። ትዳሩን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች የምስክርነት ቃል ቢጽፉ ይጠቅማል። «ጥሩ ባልና ሚስት ነበሩ» የሚል ደብዳቤ ግን ባዶ ነው። «የፋሲካ ዕለት ቤታቸው ሄጄ፣ እናቱ ከአገር ቤት መጥተው ሳለ» የሚል ደብዳቤ ይሻላል። ለምን እንደፈረሰም በአጭሩና በእውነቱ ጻፉ።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰበሰበው ከቤት ከመውጣት በፊት ነው። ቁልፉ ከተቀየረ በኋላ አንድ የኪራይ ውል ኮፒ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

«ቢመታሽም ሁለት ዓመቱን ቻይው»

ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው ያናድደኛል። ድብደባ ወይም ከባድ የሥነ ልቦና ጥቃት ካለ አይ-751 በዚያ ምክንያት ለብቻ ይገባል። ፍቺው እስኪያልቅ መጠበቅም አያስፈልግም። ካርድ ጭራሽ ላልተሰጣት ደግሞ፣ ባሏ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ አይ-360 በሚባል ፎርም በራሷ ማመልከት ትችላለች። ከጥቃቱ ጋር የተያያዘ ፍቺ ከሆነ ከጸደቀ በኋላም የሁለት ዓመት ጊዜ አላት። ማመልከቻው ሳይጸድቅ ሌላ ማግባት ግን መንገዱን ይዘጋዋል። ወንዶችም በዚህ ሕግ ይጠቀማሉ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ማመልከቻው ለባልየው እንዳይናገር ሕጉ ያግደዋል። የፖሊስ ሪፖርት ከሌለ የሐኪም ወረቀት፣ የአማካሪ ደብዳቤ፣ ያየ ጎረቤት ምስክርነትም ይታያል። የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመሩ 1-800-799-7233 ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

«በሽማግሌ ተለያይተናል፣ ስለዚህ ተፋተናል»

ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ንብረት ሲከፈልም ይረዳል። ፍቺ ግን አይሰጥም። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ ፍቺ የመወሰን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት በነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ይወስኑ ስለነበር፣ የታላላቆቻችን ወሬ ከዚያ የቀረ ይመስለኛል። (የሸሪዓ ፍርድ ቤት በሕግ የታወቀ ፍርድ ቤት ስለሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።)

ይሄ ለአሜሪካ ምን ያደርጋል? ከመጀመሪያዋ ጋር ፍቺው በፍርድ ቤት ሳይጸድቅ ሌላ ካገባችሁ፣ ሁለተኛው ጋብቻ ለኢሚግሬሽን ዋጋ የለውም። ዲቪ ላይም ያው ነው። «ተለያይተናል» ብሎ ሚስቱን ሳይሞላ የተወ ሰው፣ በሕግ ገና ባሏ ከሆነ ደርሶት እንኳ ይወድቃል። በፍርድ ቤት የተረጋገጠ መለያየት ወይም ፍቺ ከሌለ ስሟ መግባት ነበረበት። ለዚህ ነው ኤምባሲ ስትሄዱ የወሳኝ ኩነት የፍቺ ምስክር ወረቀት ብቻ ሳይሆን የፍርድ ቤቱንም ውሳኔ መያዝ የሚሻለው። አሜሪካ ውስጥ ለኢሚግሬሽን የሚገባ የአማርኛ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል። ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክልና የተሟላ መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል ፈርሞ ያረጋግጣል።

«ከተፋታን ስፖንሰርነቴ አለቀ»

አላለቀም። አይ-864 የሚባለው የስፖንሰር ፎርም ላይ የፈረመ ሰው ውል የገባው ከመንግሥት ጋር ነው፤ ፍቺ አያፈርሰውም። የመጣችው ሴት ገቢ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ በታች ከሆነ የድሮ ባሏን በፍርድ ቤት ልትጠይቀው ትችላለች። ግዴታው የሚቆመው በዋናነት ሲቲዝን ስትሆን፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርላት ማለትም 10 ዓመት ያህል ሥራ፣ ነዋሪነቷን ትታ ከአሜሪካ ስትወጣ፣ ወይም አንዳቸው ሲሞቱ ነው። የወንድሙ ገቢ ሚስቱን ለማምጣት አልበቃ ሲል «ፈርምልኝ» ተብሎ ተባባሪ ስፖንሰር የሆነ ዘመድም ያው ነው። እነሱ ይፋታሉ፤ እሱ ውሉ ላይ ይቀራል።

«ሲቲዝንነቱን በ3 ዓመት አገኛለሁ»

የ3 ዓመቱ መንገድ ከሲቲዝን ባል ወይም ሚስት ጋር አብሮ መኖርን ይፈልጋል። ከተፋታችሁ ወደ 5 ዓመት ትመለሳላችሁ። ሲቲዝን በሆነ ባል ወይም ሚስት ጥቃት ምክንያት በራሳቸው አመልክተው ካርድ ላገኙ ግን የ3 ዓመቱ መንገድ አይዘጋም። የ2 ዓመቱ ካርድ ጊዜ አይቆጠርም የሚባለው ደግሞ ውሸት ነው። ካርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

«ተፋትቼ አገር ቤት ያለችውን አገባና ወዲያው አመጣታለሁ»

በትዳር ግሪን ካርድ አግኝቶ፣ ተፋትቶ፣ ለአዲስ ሚስት ፋይል የሚከፍት ነዋሪ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ነዋሪ ከሆነ 5 ዓመት ካልሞላው የፊተኛው ትዳር ለወረቀት እንዳልነበረ ጠንካራ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የድሮውን ትዳር ፎቶና ወረቀት በንዴት አትቅደዱት። ሲቲዝን ለሆነ ሰው ይህ ደንብ አይሠራም። የፊተኛው ትዳር የውሸት ነበር ተብሎ ከተወሰነ ግን በዚያ ትዳር ካርድ የፈለገው ሰው ወደፊት ማንም ቢያመለክትለት አይጸድቅለትም።

«ልጄ አግብቶ ነበር፤ አሁን ስለፈታ ፋይሉ ይቀጥላል»

ለልጁ ፋይል የከፈቱት እናት ወይም አባት ግሪን ካርድ ያላቸው ከሆነ፣ ልጁ ባገባበት ቀን ፋይሉ ሞቷል። መፍታቱ አያስነሳውም። አዲስ ተከፍቶ ከወረፋው ጭራ ይጀመራል። ወላጅ ሲቲዝን ከሆነ ግን ማግባቱ ወደ ረጅሙ ወረፋ ያዛውረዋል፣ መፍታቱ ደግሞ ወደ ላላገቡት ይመልሰዋል። «ማንም አያውቅም» ብሎ አገር ቤት ጋብቻን መደበቅ ግን ኢንተርቪው ላይ የሚፈነዳ ነገር ነው።

«ፎርም የሚሞላልን ልጅ አለ»

የነገራችሁትን ይጻፍ፣ ችግር የለም። የትኛውን ፎርም፣ በየትኛው ምክንያት እንደምታስገቡ የሚመክር ግን ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ተወካይ መሆን አለበት። በፍቺ ጊዜ ደግሞ ሁለታችሁን ይዞ የነበረው ጠበቃ ለአንዳችሁ ብቻ መቆም ሊከብደው ስለሚችል ሌላ ያዙ።

«ደብዳቤ ከመጣ ይነግሩኛል»

ማን ነው የሚነግራችሁ? ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ድሮው ቤት ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ የድሮው ባል ወይም ሚስት ነው። አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባል ፎርም ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው፤ ኦንላይን ይሠራል። ፖስታ ቤት ላይ ብቻ መቀየር ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አይደለም። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተከፈተ ጉዳይ ካላችሁ ደግሞ ለዳኛው ቢሮ ለብቻው፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ። የቀጠሮው ደብዳቤ ወደ ነበራችሁበት አድራሻ ሄዶ ካልቀረባችሁ፣ ዳኛው በሌላችሁበት የማባረር ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። የኢሚግሬሽን ኦንላይን አካውንቱን የድሮው ባል ወይም ሚስት ከፍቶላችሁ ከነበረም፣ ፓስወርዱንና ኢሜይሉን ዛሬ ማታ ቀይሩት።